የዝቋላ ፀሐይና የዋሽንግተን ሰዓት

ዝቋላ በተባለ ጊዜ የብዙ አንባቢ ልብ የሚሄደው በሸዋ ወደሚገኘው ወደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለዚያ ስመ ጥር ተራራ አይደለም። በዋግ ኽምራ፥ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ፥ መሬቱ ወደ ተከዜ እያዘቀዘቀ በሚወርድበት በኩል ሌላ ዝቋላ አለ፤ የወረዳውም ከተማ ጽጽቃ ይባላል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት፥ ፊደል የቈጠርሁትና ዳዊት የደገምሁት በዚሁ ወረዳ ነው። ዲቁና ከተቀበልሁ በኋላ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ተምሬ፥ እነሆ ዛሬ በሰቆጣ መምህር ሆኜ አገለግላለሁ።

አገሩን ላላየ ሰው በአጭሩ ልግለጽለት። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት፥ የዋግ ሹሞች መናገሻ የነበረች ጥንታዊት ከተማ ናት። ከከተማዋ ጥቂት ራቅ ብሎ ከአለት ተፈልፍሎ የታነጸው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ጤፉ ቦታውን ለማሽላ ይለቃል፤ ፍየሉም ይበዛል። ሕዝቡ አማርኛና የኽምራ አገውኛ ይናገራል። የዝናቡ ወራት አጭር ስለ ሆነ ሐምሌና ነሐሴ ካላዘነቡ ዓመቱ በሙሉ ይከብዳል። ስለዚህ የአገሬ ሰው ዘወትር ወደ ሰማይ የሚመለከት ሰው ነው። ደመና ቢፈልግ ወደ ሰማይ ያያል፤ ሰዓትም ቢፈልግ ወደ ሰማይ ያያል።

በልጅነቴ በቤታችን ሰዓት የሚባል ዕቃ አልነበረም፤ ነገር ግን ሰዓቱን የማያውቅ ሰው አላየሁም። ዶሮ ሲጮኽ፥ ወፍ ሲንጫጫ፥ ጀንበር ስትወጣ፥ ከብት ሲሰማራ፥ ጥላ ከእግር ሥር ሲገባ፥ ከብት ሲመለስ፥ ይህ ሁሉ ለባላገሩ እንደ ደወል ነው። የቆሎ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜም የኔታ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያቆሙንና ጥላችንን በእግር ጫማ እንድንለካ ያዙን ነበር። በጾም ወራት ቅዳሴ የሚገባበትን ሰዓት ከዚያ ልኬት ያውቁት ነበር።

ይህ አቈጣጠር በአገራችን እንዴት ሊጸና ቻለ ቢባል ምክንያቱ በሰማይ ነው። ሰቆጣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ርቃ ስለምትገኝ ቀንዋና ሌሊትዋ ዓመቱን በሙሉ ሊተካከሉ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። በሰኔ የሚውለው ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ነው፤ በታኅሣሥ የሚውለው አጭሩ ቀን ደግሞ 11 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ጀንበር ከወጣች በኋላ አንድ፥ ሁለት እያለ ለሚቈጥር ሕዝብ ከዚህ የተመቸ አገር ከየት ይገኛል?

ባሕረ ሐሳብ ስንማር አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ እንደሚከፈል ተነገረን፤ አንዱ ኬክሮስ በዘመናዊው ሰዓት 24 ደቂቃ ነው። ኬክሮሱም ራሱ በ60 ካልዒት ይከፈላል። ከመጽሐፈ ሄኖክም ፀሐይ በስድስት የምሥራቅ ደጆች ወጥታ በስድስት የምዕራብ ደጆች እንደምትገባ ሰማን። ቀንና ሌሊቱ በ18 ክፍል ተከፍሎ አንድ ጊዜ ቀኑ 12 ሌሊቱ 6፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀኑ 6 ሌሊቱ 12 እንደሚሆንም ተማርን። ይህን የኋለኛውን በጆሮዬ እንጂ በዓይኔ አላገኘሁትም ነበር። ዝቋላ ላይ ቆሞ ቀን የሌሊት እጥፍ ሲሆን ማን አይቶ ያውቃል?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

ታላቅ እኅቴ ያገባችው ከጽጽቃ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ነው። የበኵር ልጅዋ በዲቪ ዕጣ ወጥቶለት ወደ አሜሪካ ተሻገረና ኑሮው በዋሽንግተን ከተማ ሆነ። በአንድ ሆቴል የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ይሠራል። ሥራውን የሚጨርሰው በእነርሱ አቈጣጠር ከጧቱ 7 ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ በዝቋላ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። እሑድ እሑድ፥ ገና የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ፥ ለአባቱ ይደውል ነበር። በመንደሩ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ አባትየው ከቅዳሴ መልስ ምሳውን ቀምሶ፥ ዘንጉን ይዞ፥ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጉብታ ይወጣል። በዚያ ከአንዲት ግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልኩን በጉልበቱ ላይ ያኖራል። የሚነጋገሩት አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ስለ ዝናቡ፥ ስለ ፍየሎቹ ግልገል፥ በመንደሩ ስለ ተወለደና ስለ ሞተ። ለአባትየው ግን ሳምንቱ የሚለካው በዚያ አሥር ደቂቃ ነበር።

በጥቅምት ወር 2011 ዓ. ም. የእኅቴ ልጅ ሰቆጣ ደወለልኝና፥ «አጎቴ፥ ከመጪው እሑድ ጀምሮ እዚህ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ ለአባባ የምደውልለት በ8 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ በ9 ሰዓት ነው። እባክዎ ይንገሩልኝ» አለኝ።

እኔ ግን ሳቅሁ። «ፀሐይ ወደ ኋላ የተመለሰችው ለንጉሥ ሕዝቅያስ ነው። ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው አዋጅ ትመለሳለች ወይ?» ብዬ ቀለድሁበት። እርሱም ሳቀ። ወደ ዝቋላ የሚወርድ ሰው በገበያ ቀን ባገኝ እልካለሁ ብዬ ነገሩን አሳደርሁት፤ ካሳደርሁትም በኋላ ረሳሁት።

ጥቅምት 25 ቀን እሑድ አባትየው እንደ ልማዱ በ8 ሰዓት ወደ ጉብታው ወጣ። ጠበቀ። ጥላው ከግራሩ ሥር ሸሽቶ ፀሐይ ፊቱን እስክትመታው ድረስ ጠበቀ። ከዚያም «ሥራ ይዞት ይሆናል፤ ለሚመጣው እሑድ ያድርሰን» ብሎ ወረደ። በ9 ሰዓት ልጁ በደወለ ጊዜ ስልኩ ኔትወርክ በሌለበት መንደር ውስጥ ነበር። አባትየው ማክሰኞ ማታ ታመመ፤ ጥቅምት 28 ቀን ረቡዕ ዐረፈ። ለሚመጣው እሑድ አልደረሰም።

ለልቅሶ ወደ ዝቋላ በወረድሁ ጊዜ እኅቴ ይህን ሁሉ ነገረችኝ። ነግራኝም ስታበቃ፥ «አየህ፥ ልጄ አባቱን በመጨረሻው እሑድ ዘነጋው» አለችኝ። እኔም መናገር ሲገባኝ ዝም አልሁ። ልጁም በበኩሉ ሌላ ኀዘን ይዞ ነበር። በፊተኛው እሑድ ለፋሲካ መምጣት እንደማይችል ለአባቱ ነግሮት ስለ ነበር፥ አባቱ ተቀይሞ ወደ ጉብታው እንዳልወጣ ቈጥሮት ኖሯል። እናት ልጅዋን ታማለች፤ ልጅ አባቱ ተቀይሞት እንደ ሞተ ያምናል። በሁለቱ መካከል የጠፋችው አንዲት ሰዓት ያለችው ግን በእኔ በመምህሩ እጅ ነበር።

በተከታዩ ክረምት፥ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ፥ ልጁ የአይሮፕላን ቲኬት ላከ። የላከው ለእናቱ ነበር፤ እርስዋ ግን «እኔ ይህን ሁሉ አልችልም፤ አንተ ሂድና በዓይንህ እየው» አለችኝ። ከሰቆጣ በአውቶቡስ ተነሥቼ በኮረም በአላማጣ፥ በወልድያ በደሴ አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ። ከአዲስ አበባ የተነሣነው በምሽት ነው። አይሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ስለሚበርር ንጋት ከኋላችን እየተከተለች፥ እኛም ከፊት ከፊትዋ እየሸሸን ያ ሌሊት በዕድሜዬ ካየሁት ሌሊት ሁሉ ረዘመ። በወረድን ጊዜ ፀሐይ የጧት ፀሐይ ናት፤ የእጄ ሰዓት ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ይላል። በማረፊያው ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ 8 ይላል። ቍጥሮቹ ጎረቤት ሆነው ሳሉ ቀኑ ግን እንደዚያ ተራርቋል።

ዋሽንግተን ከሰቆጣ በብዙ ነገር ትለያለች። ሰቆጣ እንደ ዛፍ በየዘመኑ ቅርንጫፍ እያወጣች ያደገች ከተማ ናት፤ ዋሽንግተን ግን ገና ሳትሠራ በወረቀት ላይ የታቀደች ናት። በ1791፥ በአውሮጳ አቈጣጠር፥ ላንፋን የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ፕላንዋን ነደፈ። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄዱት መንገዶች በቍጥር፥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት በፊደል ይጠራሉ። በ1910 የወጣ ሕግ የሕንፃዎቹን ቁመት ስለ ወሰነ ሰማዩ አይሸፈንም። በዚህ በአንድ ነገር ዋሽንግተንና ሰቆጣ ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ከተማ ቆመው ሰማይን ማየት ይቻላል።

ጠባያቸውን ግን ሰዓት ይለየዋል። በሰቆጣ አውቶቡሱ የሚነሣው ሰው ሲሞላ ነው፤ በዋሽንግተን ባቡሩ የሚነሣው ሰዓቱ ሲሞላ ነው። በዝቋላ እንግዳ ሳይናገር ይመጣል፤ ቡናውም ለመጣው ሁሉ ይፈላል። በዋሽንግተን ወንድም ወንድሙን ሊጠይቅ ሲፈልግ አስቀድሞ በስልክ ቀን ይቀጥራል። መጀመሪያ ይህን ሳይ፥ «ፍቅር በቀጠሮ ሆነ» ብዬ በልቤ ነቀፍሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሌላ ነገር አስተዋልሁ። የእኅቴ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ቀን ይተኛል፤ ባልንጀራው ቀን ሠርቶ ሌሊት ይተኛል። ቀጠሮ ባያከብሩ አንዱ የሌላውን እንቅልፍ ይሰርቃል። እኛ እንግዳን እናከብራለን፤ እነርሱ የሰውን ሰዓት ያከብራሉ። የእኛ ጉድለት ደግሞ ይህ ነው፤ ሰውን ማስጠበቅን እንደ በደል አንቈጥረውም። ጠባቂውም ትዕግሥተኛ ስለ ሆነ አስጠባቂው አይወቀስም። እኔን ያሳተኝ ይኸው ልማድ ነው።

በደረስሁ በመጀመሪያው ሳምንት እራት በልተን በረንዳ ላይ ተቀመጥን። የግድግዳው ሰዓት 8 ሰዓት ከሩብ ይላል፤ በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ መሆኑ ነው። ጀንበር ግን ገና በዛፎቹ ላይ ነበረች። በዝቋላ በዚህ ሰዓት ቢሆን ከብቱ ገብቶ፥ እራት ተበልቶ፥ ልጆች ተኝተዋል። ያን ጊዜ የሄኖክ ደጆች ትዝ አሉኝ። ዋሽንግተን ከምድር ወገብ 39 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለምትርቅ በሰኔ ረጅሙ ቀንዋ 15 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይጐድለዋል፤ በታኅሣሥ አጭሩ ቀንዋ 9 ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ቀንዋ ልክ የሌሊትዋ እጥፍ ባይሆንም፥ በልጅነቴ በጆሮዬ የሰማሁትን በጕልምስናዬ በዓይኔ ወደ ማየት ተቃረብሁ። በዚያ አገር ሰዓትን ከጀንበር መውጣት ጀምሬ ልቍጠር የሚል ሰው በሰኔና በታኅሣሥ መካከል መቍጠሪያው ይፈርስበታል። ሰዓታቸውን ከእኩለ ሌሊት የሚጀምሩት በከንቱ አይደለም።

በበጋቸው ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፉትም ስለዚሁ ነው፤ ረጅሙ ብርሃን ሰው ተኝቶ ሳለ እንዳያልፍ ወደ ምሽቱ ያዛውሩታል። ከ2007 ወዲህ፥ በአውሮጳ አቈጣጠር፥ ይህ ለውጥ በማርች ወር ሁለተኛ እሑድ ይጀምርና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ያበቃል። ለእኛ ቤት እንዲህ ብሎ መያዝ ይቀላል፤ የዘመነ ጽጌ መጨረሻ ሲቃረብ ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የካቲት ሲያልቅ ወይም መጋቢት ሲገባ፥ ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ፥ ወደ ፊት ይሄዳል።

አንድ ቀን ከከተማዋ ጐዳናዎች በአንዱ ስንሄድ ልጁ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ዛሬ ዓለም የሚቈጥርበት ሰዓት መሠረት የተጣለው በዚችው በዋሽንግተን ነው። ነገሩን ተከታትዬ ባነበብሁ ጊዜ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ቀድሞ እያንዳንዱ ከተማ በየራሱ ፀሐይ ይቈጥር ነበር። የባቡር ሐዲድ በመጣ ጊዜ ግን የየከተማው እኩለ ቀን የተለያየ ስለ ሆነ ባቡሮቹን ማቀናጀት አስቸገረ፤ በኖቬምበር 1883 የአሜሪካና የካናዳ ባቡሮች ሰዓታቸውን በክፍለ አገር አንድ አደረጉ። በተከታዩ ዓመት በጥቅምት 1877 ዓ. ም.፥ በአውሮጳ በ1884፥ የ25 አገሮች መልእክተኞች በዋሽንግተን ተሰብስበው የምድር ኬንትሮስ መቍጠሪያ በእንግሊዝ አገር በግሪኒች እንዲያልፍ ተስማሙ። 22ቱ ደገፉ፤ አንዱ ተቃወመ፤ ፈረንሳይና ብራዚል ድምፅ ከመስጠት ተከለከሉ። አገራችን በዚያን ጊዜ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ነበረች፤ በጉባኤው ላይ መልእክተኛ አልነበራትም። ጉባኤው የየአገሩን ሰዓት በግድ አልደነገገም፤ ዳሩ ግን መነሻው መስመር ከተወሰነ በኋላ አገሮች ቀስ በቀስ ሰዓታቸውን ከእርሱ ጋር አስማሙ።

በዚያን ሌሊት ልጁ ወደ ሥራው ሲሄድ እኔ ብቻዬን ተቀምጬ እርሳስና ወረቀት ያዝሁ። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር አንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ይሆናል። የኢትዮጵያ ሰዓት የተመሠረተው ከግሪኒች በስተ ምሥራቅ በ45ኛው ዲግሪ ላይ ነው፤ ይህ መስመር በአገራችን የሚያልፈው በኦጋዴን፥ በዋርዴር አቅራቢያ ነው። ሰቆጣ ያለችው ግን በ39ኛው ዲግሪ ላይ ነው። ልዩነቱ 6 ዲግሪ፥ ማለትም 24 ደቂቃ ነው። ቍጥሩን ደግሜ አየሁት፤ 24 ደቂቃ ልክ አንድ ኬክሮስ ነው! እንግዲህ እኔ በሰቆጣ በእጄ አስሬ የምመካበት ሰዓት የሰቆጣ ፀሐይ ሰዓት አልነበረም፤ የዋርዴር ፀሐይ ሰዓት ነበር። ዘመኔን ሁሉ ከራሴ ፀሐይ በአንድ ኬክሮስ ቀድሜ ስኖር አላወቅሁትም።

ወደ ሁለተኛውም ሒሳብ ሄድሁ። ዋሽንግተን ከግሪኒች በስተ ምዕራብ በ77ኛው ዲግሪ ላይ ናት። ከሰቆጣ እስከ ዋሽንግተን 116 ዲግሪ ነው፤ በፀሐይ አካሄድ 7 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይሆናል፤ በባሕረ ሐሳብ ቋንቋ 19 ኬክሮስ ከ20 ካልዒት። የሰው ሰዓት ግን በበጋቸው 7፥ በክረምታቸው 8 ይላል። ሁለቱም የፀሐይን ልክ አይነግሩንም፤ ሁለቱም ሰዎች አብረው ለመኖር የተዋዋሉት ውል ናቸው። እኔ በሕዝቅያስ ታሪክ የቀለድሁት የእነርሱ ሰዓት በአዋጅ የሚሄድ፥ የእኔ ግን በእግዚአብሔር ፀሐይ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። የእኔም በውል የሚሄድ ኖሯል። ውልን ደግሞ አፍርሶ ሰውን የሚጐዳ ሰው ባሕረ ሐሳብ ማወቁ አያጸድቀውም።

ልጁ በጧት 7 ሰዓት ተኩል ሲመለስ ተቀምጬ አገኘኝ።

«ምነው አጎቴ፥ አልተኙም እንዴ?» አለኝ።

«የምነግርህ ነገር አለ» አልሁት። ያን የጥቅምቱን መልእክት ለአባቱ እንዳላደረስሁ፥ አባቱ በ8 ሰዓት ወደ ጉብታው እንደ ወጣ፥ ፀሐይ ፊቱን እስክትመታው ድረስ እንደ ጠበቀ፥ ምን ብሎም እንደ ወረደ፥ ምንም ሳላስቀር ነገርሁት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ዝም ማለቴንም ጨመርሁ። ይቈጣኛል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር።

እርሱ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፥ «ወጥቶ ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ወጥቶ ነበር።»

«ጠበቀኝ?»

«ጠበቀህ። ለሚመጣው እሑድ ያድርሰን ብሎም ወረደ።»

ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ኋላም፥ «በዚያን ሌሊት እኮ ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለ ተመለሰ አንድ ሰዓት ጨምሬ ነው የሠራሁት። በዚያች በትርፉዋ ሰዓት አባባ ግራሩ ሥር ተቀምጦ ኖሯል» አለ። እኔን አንድ ቃል እንኳ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

በተከታዩ እሑድ ለእናቱ ደወልን፤ ከባልዋ ሞት በኋላ ወደ ጉብታው የምትወጣው እርስዋ ነበረች። ስልኩን ተቀብዬ፥ «እታለም፥ ልጅሽ አባቱን አልዘነጋም፤ የዘነጋሁት እኔ ነኝ» ብዬ ሁሉን ነገርኋት። ዝምታዋ ረዘመ፤ ነፋሱ ብቻ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ፥ «ይህን በልቅሶው ቀን ብትነግረኝ ኖሮ ልጄን ዘጠኝ ወር ባላማሁት» አለችኝ። የተናገረችው እውነት ነው፤ ሰዓቱን ከመርሳቴ ይልቅ ዝምታዬ ይከፋ ነበር።

ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት ከልጁ ጋር ተቀምጠን አንድ ቀላል መቍጠሪያ አወጣን። የእኛ ሰዓት ከፈረንጁ በ6 ስለሚለይ፥ የከተሞቹም ልዩነት በበጋቸው 7፥ በክረምታቸው 8 ስለ ሆነ፥ ትርፉ ጥቂት ነው። በበጋቸው ከዝቋላ ሰዓት ላይ አንድ መቀነስ፥ በክረምታቸው ሁለት መቀነስ ብቻ ነው። በዝቋላ ከቀኑ 8 ሰዓት ቢሆን በዋሽንግተን በበጋ ከጧቱ 7፥ በክረምት ከጧቱ 6 ነው። በዝቋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢሆን በዋሽንግተን በበጋ ከቀትር በኋላ 2፥ በክረምት 1 ነው። የእኛ ጧት 1 ሰዓት በበጋቸው እኩለ ሌሊታቸው ነው፤ ስለዚህ በማለዳ ልጃችንን ልንጠይቅ ስንነሣ የምናስደነግጠው ከእንቅልፉ ነው። ይህን በትልልቅ ፊደል ጽፌ፥ ሰዓቱ የሚለወጥበትንም ወራት ጨምሬ፥ ለእኅቴ ወሰድሁላት። እርስዋ ባታነብም የጎረቤት ልጆች ያነቡላታል። ወረቀቱን ከምሰሶው ላይ፥ ከሥዕለ አድኅኖው በታች ሰቀለችው።

በ2013 ዓ. ም. ማብቂያና በ2014 ዓ. ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራን በነካ ጊዜ ስልክ ተቋረጠ። ልጁ በዚያን ወራት በየእሑዱ በሰዓቱ ይደውል እንደ ነበር፥ እናቱም መንገዱ ሰላም በሆነላት ቀን ሁሉ ወደ ጉብታው ትወጣ እንደ ነበር ኋላ ሰማሁ። ስልኩ አልጮኸም፤ ነገር ግን ማንም ማንን ተቀየመኝ ብሎ አላሰበም። ሰዓቱን ሁለቱም ያውቁት ስለ ነበር ዝምታው ከልብ የመጣ እንዳልሆነ አወቁ።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፥ ዛሬ በአገራችን ልጁን፥ ወንድሙን ወይም እኅቱን ወደ ሩቅ አገር ያልሰደደ ቤት ጥቂት ነው። አንዱ ሲነጋለት ለሌላው ይመሻል፤ አንዱ ከቅዳሴ ሲወጣ ሌላው ገና ይተኛል። ስለዚህ ከሩቅ ዘመዳችን ጋር ቀጠሮ ስንይዝ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ቀን ወይም ሌሊት መሆኑን፥ የማን አገር ሰዓትም እንደ ሆነ እንናገር። ስልኩ ባልተነሣ ጊዜም ክፉውን ከማሰባችን በፊት፥ «አሁን እነርሱ ዘንድ ፀሐይ የት ናት?» ብለን እንጠይቅ። መልእክት የተቀበለም ሰው ሳያሳድር ያድርስ።

በዚህ ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ወደ ዝቋላ ወርጄ ነበር። እሑድ ከምሳ በኋላ፥ የእጄ ሰዓት 8 ሲል፥ ለእኅቴ «አትወጪም እንዴ?» አልኋት። እርስዋም ወረቀቱን በጣትዋ አመለከተችኝና፥ «ጽጌ ሊያልቅ አይደለም? እዚያ ገና አልነጋም፤ ልጁ ሥራውን ይጨርስ» አለችኝ። ቡናዋን አፍልታ ሦስቱንም አጠጣችኝ። ከዚያም ዘንጉን አንሥታ ወደ ግራርዋ ወጣች።